ስምንተኛው ሶኬት

እትዬ ብልሽት «አልሄድም» ካሉ አይሄዱም። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው፣ ወይም እያወቀ እንዳላወቀ የሚሆነው፣ የገዛ ልጃቸው ብቻ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለና፣ «ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ዕቃሽን ሸክፈሽ ጠብቂኝ፣ እማዬ» አለ። ደህና ዋይ የለ፣ ምን ትያለሽ የለ፣ በቃ ዘጋው። እትዬ ብልሽት ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ቀሩ።

«ሸክፈሽ!» አሉ ለባዶው ሳሎን። «እኔን ነው ሸክፈሽ የሚለኝ? እኔን?»

«እትዬ ብልሽት» እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው «ብልሽት ክፍል፣ ምን ልታዘዝ?» ሲሉ ኖረዋል። የሰው ስልክ ጭጭ ሲል የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። በተበላሸ ስልክ እንዴት ይደወላል እንዳትሉኝ፤ ከጎረቤት ነዋ! እሳቸው ታዲያ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ብልሽቱ ምሰሶ ላይ ይሁን፣ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ ሰውዬው ቤት ይሁን ለይተው ሠራተኛ ይልኩ ነበር። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሰኞ ዕለት ነው። መጋረጃ እየተኮሱ ሳለ ካውያው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ነቅለው መልሰው ሰኩት፤ የለም። ወጥ ቤት ሄደው የውኃ ማፍያውን ሞከሩ፤ የለም። ፍሪጁም ማጉረምረሙን ትቶ ዝም ብሏል። መብራት ጠፋ እንዳይሉ አምፖሎቹ ሁሉ ቦግ ብለው ይበራሉ። በሩ አጠገብ ያለውን የብሬከር ሳጥን ከፍተው አዩ፤ የሶኬቶቹ ብሬከር ከቦታው አልወረደም። አውርደው መለሱት፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ ዞረው ቆጠሩ። ሳሎን ሦስት፣ ወጥ ቤት ሁለት፣ መተላለፊያው ላይ አንድ፣ መኝታ ቤታቸው አንድ። ሰባቱም ሶኬት ጭጭ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። ለልጃቸው ነገሩት።

ልጃቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ያህል። የመንገድ መሐንዲስ ነው። ተራራ አስቆርጦ አስፋልት ማንጠፍ የለመደ ሰው መሃል ላይ የቆመ ነገር ሁሉ የሚነሳ ይመስለዋል። አባቱ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መሃል ላይ የቆሙበት እናቱ ናቸው። «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ነይ» ሲላቸው፣ «አልመጣም» ሲሉት ጊዜው ሄደ። ክፍል አዘጋጅቷል፣ ቀለም አስቀብቷል፣ ሚስቱም ደግ ናት። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሄደው ሰንብተው ነበር። ብርጭቆ ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ «ተቀመጪ እማዬ»፤ መስኮት ሊከፍቱ ሲነሱ «ተይው እማዬ፣ እኛ እንከፍተዋለን»። በአሥራ አራተኛው ቀን፣ «እኔ ሰው ነኝ ወይስ የአበባ ማስቀመጫ?» ብለው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ይህ ልጅ ነው ረቡዕ ጠዋት ኤሌክትሪሽያን የላከላቸው። ኤሌክትሪሽያኑ ቀልጠፍ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ፋታ አይሰጠውም። ገና ከበር ላይ «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ሲላቸው እትዬ ብልሽት ቅር አላቸው። ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የሥራ ዘመን ያለውን ሰው «እማማ» ማለት ምን ይባላል? እሱ ግን የፊታቸውን መለወጥ ከቁብም አልቆጠረው። ቴስተሩን ይዞ ከሶኬት ሶኬት ሮጠ፤ ሰባቱንም ነካክቶ መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ከተዘጋ በር ፊት ቆመ።

«ይኼኛውስ ክፍል?»

«እሱን ተወው።»

«ሶኬት የለውም?»

«አለው። ደህና ነው።»

«አንድ ደቂቃ ልየውና...»

«ደህና ነው አልኩህ እኮ! እዚያ ሰው አይገባም።»

ያ ክፍል የባለቤታቸው ነበር። ሰውዬው የመጨረሻዎቹን ስምንት ወራት እዚያ ተኝተው ነው ያለፉት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እትዬ ብልሽት በሳምንት አንድ ቀን ገብተው አቧራውን ይወለውሉና መልሰው ይዘጉታል እንጂ የሌላ ሰው እግር አያስረግጡም። ኤሌክትሪሽያኑም ከባለቤት ጋር የሚጨቃጨቅበት ጊዜ አልነበረውም። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

«እማማ፣ ገመዱ ግድግዳው ውስጥ ነዷል» አለ፣ ዕቃውን እየሰበሰበ። «ቤቱ አሮጌ ነው። ግድግዳው በሙሉ ተሰርስሮ አዲስ መስመር መዘርጋት አለበት፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ እዚህ ባይኖሩ ነው የሚሻለው። እሳት ቢነሳስ?»

የሶኬቶቹን ብሬከር አወረደ፣ «እንዳይነኩት» አለ፣ ከግቢው ሳይወጣ ለልጃቸው ደወለ። ልጃቸው «እሳት» የምትለዋን ቃል እጁን ዘርግቶ ነው የተቀበላት። ሁለት ዓመት ሲፈልጋት የኖረች ቃል ናት። ከሰዓት በኋላ የደወለውን ስልክ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ መጣች። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው፤ የእትዬ ብልሽት ወተትና ሥጋ ከሰኞ ጀምሮ እሷ ፍሪጅ ውስጥ ነው የከረመው። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣ እውነት ሊሄዱ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ልጅዎ ደውሎልኝ፣ ካርቶን ካለሽ ስጫት አለኝ።»

«ካርቶን!» እትዬ ብልሽት ደማቸው ፈላ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«የለኝም አልኩታ! ሱቄ ጓዳ ሞልቶ ተርፏል፤ ግን የለኝም አልኩት። እኔ ምን ቆርጦኝ ነው እርስዎን በካርቶን የምሸኝ?»

ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እደጊልኝ፣ የኔ ልጅ። በይ ያን የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው አውርጂና ያለፈውን ወር ቅደጂልኝ። ጀርባውን ነው የምፈልገው።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ብልሽት ልፈልግ ነዋ።»

ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። «እትዬ፣ ይኼ እኮ ስልክ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ነው። ይገድላል!»

«ለዚህ አይደል እንዴ ብሬከር የሚወርደው? እጄን ስሰድ አንቺ አውርደሽ ትጠብቂኛለሽ። ደግሞ ኤሌክትሪክ ኃይለኛ ነው እንጂ እንደ ሰው ተንኮለኛ አይደለም። ከበሩ ይነሳል፣ ሽቦውን ይዞ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የት ቆምክ ብሎ መጠየቅ ነው።»

«ሰባቱንም ፈትተው ሊያዩ?»

«ሞኝ ነው ከጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚሄድ» አሉ እትዬ ብልሽት፣ ወረቀቱ ላይ ቤታቸውን መሳል ጀምረው። ድምፃቸው ሳይታወቃቸው የድሮውን የመሥሪያ ቤት ድምፅ ሆኗል። «እኛ መስመር ሲሞት መሃሉን ነበር የምንይዘው። እስከ መሃሉ ሕይወት አለው? ካለው ብልሽቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ከሌለው ከዚህ ወዲህ ነው። አንዱን ግማሽ ጣልሽው ማለት ነው። የቀረውን ደግሞ መሃሉን ትይዣለሽ። ሃያ ኪሎ ሜትር መስመር በአምስት ጥያቄ አንድ መንደር ውስጥ ትከቺዋለሽ። ሰባት ሶኬት ምን አላት?»

ቤቱ ሲሠራ ሽቦ ዘርጊውን ሰው እግር በእግር እየተከተሉ ሲጨቀጭቁት እንደነበር አይረሱም፤ ያኔ ይኸው ልጃቸው ሆዳቸው ውስጥ ነበር። ስለዚህ መስመሩን በሙሉ በራስ መተማመን ነው የሳሉት። ከሳጥኑ ወደ ሳሎን፣ ሳሎን ውስጥ ሦስት፣ ከዚያ መተላለፊያው፣ ከዚያ ወጥ ቤት፣ መጨረሻው መኝታ ቤታቸው። ከየሶኬቱ ሥር ቁጥር ጻፉ። ሰባት።

ዓርብ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿን ለከሰዓት ቀጥራ መጣች። እትዬ ብልሽት የጎማ ጫማ አድርገዋል፤ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ጥቅል ናስትሮ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ፀጉር ሠሪዋን ብሬከሩ ሥር አቆሟትና መጀመሪያ መሃለኛው ጋ ሄዱ፤ የመተላለፊያው ሶኬት ጋ።

«አውርጂ!»

«አወረድኩ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎን ገድዬ የት እገባለሁ?»

ብሎኖቹን ፈቱ፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ሳብ አድርገው አወጡ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። «መልሺ!» አሉ። ብሬከሩ ተመለሰ። የቴስተሩን ጫፍ ብቻ ወደ ብሎኑ አስጠጉ። የቴስተሩ መብራት አልበራችም። ሕይወት የለም። እንግዲያው ወጥ ቤቱም መኝታ ቤቱም ነፃ ናቸው፤ ብልሽቱ ከዚህ ወዲህ ነው። በአንድ ጥያቄ ግማሹን ቤት ጣሉት።

«አየሽ?» አሉ፤ ጉንጫቸው ቀላ።

የሳሎኑን መካከለኛ ሶኬት ፈቱ፤ የለም። መስኮቱ ሥር ያለውን፣ የመጀመሪያውን ፈቱ፤ የለም። ሳጥኑ ጋ ሄደው ከብሬከሩ ሥር ሞከሩ፤ የቴስተሩ መብራት ቁልጭ ብላ በራች። ሳጥኑ ላይ አለ፣ የመጀመሪያው ሶኬት ላይ የለም። በመካከላቸው ያለው ደግሞ ግድግዳ ብቻ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ግድግዳውን አየች። «እትዬ... እንዳይቆጡኝ። ይኼ እኮ ያ ሰውዬ ያለው ነው።»

እትዬ ብልሽት ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የተሰረሰረው ግድግዳ፣ ሦስቱ ሳምንት፣ ካርቶኑ፣ መኪናው፣ ያ ቀለም የተቀባ ክፍል ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ድቅን አለባቸው። ሦስት ሳምንት ሰው ቤት የገባች አሮጊት ተመልሳ እንደማትወጣ ደግሞ ያውቃሉ። ሦስቱ ሳምንት ሦስት ወር ይሆናል፤ ቤቱ ይዘጋል፤ ቁልፉ ልጅ ጋ ይቀመጣል። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ብሬከሩን አውርጂና ባትሪውን ስጪኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን ቀረ እትዬ? በቃ አይድከሙ።»

«አልደከምኩም! ስጪኝ ብያለሁ!»

ባትሪውን አብርተው በተከፈተው የግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ አዩ። አዩና ደገሙ። ሽቦው ከሳጥኑ በኩል፣ ከቀኝ፣ መምጣት ነበረበት። ቱቦው ግን ከግራ ነው የሚገባው። ከግራ በኩል ያለው የባለቤታቸው ክፍል ነው።

ባትሪውን አጠፉ። ወረቀቱን አንስተው አዩት። መተላለፊያውን ስለዋል፤ ወጥ ቤቱን ስለዋል፤ ጫማ ማስቀመጫውን ሳይቀር ስለዋል። ያ ክፍል ግን ወረቀቱ ላይ የለም። እስቲ ይታያችሁ፣ ሰው የገዛ ቤቱን ስሎ አንድ ክፍል ይረሳል? አልረሱትም። እጃቸው ዘሎት አለፈ።

ብልሽት ክፍል የሚቀመጥ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው። «ቤትዎ ውስጥ ሌላ ስልክ አለ?» ይላል። ሰው ሁሉ «የለም» ይላል። ሠራተኛ ተልኮ ሲታይ መኝታ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ እጀታው በደንብ ያልተቀመጠ ሌላ ስልክ ይገኛል፤ መስመሩን አንቆ የያዘው እሱ ነው። እትዬ ብልሽት በዚህ ስንቱን ተቆጥተዋል! «ስጠይቅዎ የለም አላሉኝም?» ብለው ስንቱን ትልቅ ሰው አሸማቀዋል! ኤሌክትሪሽያኑ በሩ ላይ ቆሞ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃቸው እሳቸውም «ደህና ነው» ብለው ደበቁት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ አልገባትም፤ ወደ ተዘጋው በር ሲያዩ ግን ገባት። «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ። እኔ ልግባና ልየው» አለች።

«አይሆንም። የዘጋሁት እኔ፣ የምከፍተው እኔ።»

ገቡ። አልጋው ከባድ የእንጨት አልጋ ነው፤ ራስጌው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ትራሱ በግራ በኩል ነው፣ ሰውዬው ወደ መስኮቱ ማየት ይወዱ ስለነበር። እትዬ ብልሽት አንሶላውን ሲያጥቡ፣ ብርድ ልብሱን ሲያናፍሱ ኖረዋል፤ አልጋውን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጣት የምታህል እንኳ አላነቃነቁትም። ከተነቃነቀ በቃ፣ እሱ ተነሳ ማለት ነው ብለው ይፈሩ ነበር። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

«ያዢ ከወዲያ» አሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው ገፉ። አልጋው ወለሉን እየፋቀ፣ እያቃሰተ፣ አንድ ክንድ ያህል ተነሳ።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫቸውን መታው። ስምንተኛው ሶኬት እዚያ ነበር፤ ፊቱ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ሰውዬው ሲታመሙ ይሞቁበት የነበረው ማሞቂያ መሰኪያ እንደተሰካ ነው፤ ሁለት ዓመት ማንም አልነቀለውም። ፀጉር ሠሪዋ እንደገና ሄዳ ብሬከሩ መውረዱን አረጋግጣ ተመለሰች፤ እትዬ ብልሽት በቴስተሩ ሞክረው ፈቱት። አንዱ ሽቦ እንደ ከሰል ጠቁሮ ከብሎኑ ላይ ተለያይቷል። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነው። መስመሩ ከሳጥኑ የሚመጣው መጀመሪያ እዚህ ነው፤ ሰባቱም የሚቀበሉት ከዚህ ነው። እዚህ ብሎን ላልቶ፣ በየቀኑ በካውያውና በፍሪጁ ሲግል ሲግል ሰኞ ዕለት ተበጠሰ።

«ስምንት ወር ማሞቂያና የመተንፈሻ መሣሪያ ሌት ተቀን ሲሠሩበት ነው የላላው» አሉ፣ የቀለጠውን ሶኬት መዳፋቸው ላይ ይዘው። «እሱን ሲያሞቅልኝ ነው የተጎዳው።» ከዚያ አለቀሱ። አልቅሰውም አልቅሰዋል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሱትን ሁሉ። ፀጉር ሠሪዋም አብራቸው አለቀሰች፤ ሰውዬውን በደንብ ሳታውቃቸው።

ሲበቃቸው ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «በይ ሩጪና ከመንገድ ማዶ ካለው ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አንድ ሶኬት ይዘሽልኝ ነይ። ጠንካራውን በይ። የሚያባብል ሻጭ ነው፤ ቀላሉን ቢሰጥሽ እንዳትቀበይ።»

የጠቆረውን ሽቦ እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጠው፣ ሽፋኑን ልጠው፣ አዲሱን ሶኬት ገጠሙ። ብሎኑን አጠበቁ፤ ሳብ አድርገው ሞከሩ፤ ደግመው አጠበቁ። ከዚያ ራሳቸው ሄደው ብሬከሩን ወደ ላይ ገፉት። ከወጥ ቤት በኩል ፍሪጁ «እህም» ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ፀጉር ሠሪዋ እልልታዋን ስታቀልጠው ከውጭ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አዳመጠ።

እትዬ ብልሽት ግን ነገር ሳያጣሩ የሚደሰቱ ሰው አይደሉም። ለኤሌክትሪሽያኑ ደወሉ። «ብልሽቱን አግኝቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠይቀኸኝ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። አሁን ናና መስመሩን በሙሉ በመሣሪያህ ለካልኝ፤ ሌላ የነደደ ካለ ፊት ለፊት ንገረኝ» አሉት። መጣ። ክፍሉ ውስጥ ራሳቸው አስገቡት። ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ የገጠሙትን ፈትቶ አየና መልሶ ዘጋው።

«ገመዱ ጤነኛ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔም ሳላይ መፍረድ አልነበረብኝም፣ እትዬ።»

«እማማ» ማለቱን እንደተወ ልብ ብለዋል።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መኪናው በር ላይ ቆመ። ልጃቸው ሹፌሩን «ጠብቀኝ» ብሎ ገባ። ሳሎኑ እንዳለ ነው፤ አንድ ካርቶን የለ፣ አንድ የታሸገ ሻንጣ የለ። እናቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጠው የውኃ ማፍያው እስኪፈላ ይጠብቃሉ። ውኃው ይንፈቀፈቃል። ልጃቸው ማፍያውን አየ፣ ፍሪጁን ሰማ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እማዬ፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው።» አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት፤ ወረቀቱን፣ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ መዋሸታቸውን፣ ኤሌክትሪሽያኑ መጥቶ መለካቱን። ልጃቸው ተነስቶ ሄዶ ከግድግዳው የራቀውን አልጋ አየና ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ቢሆንም ትሄጃለሽ» አለ በመጨረሻ።

እትዬ ብልሽት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አሃ! እንግዲያው ነገሩ ሶኬት አልነበረማ!»

«ዛሬ ሶኬት ነው፣ ነገ ቧንቧ ነው፣ ከነገ ወዲያ...»

«ቧንቧም እጠግናለሁ!»

«እማዬ!»

«አትጩህብኝ! በገዛ ቤቴ አትጩህብኝ! አልሄድም። ሶኬቱ ባይሠራም አልሄድም ነበር። ሰባቱም ስምንቱም ሞተው ቢቀሩ ሻማ አብርቼ እቀመጥ ነበር እንጂ አንተ ጋ ሄጄ ‹ተቀመጪ እማዬ› ስትሉኝ አልውልም። ገብቶሃል?»

ልጃቸው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ተራራ የሚያስቆርጥ ሰው፣ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አባዬ የሞተ ቀን ስትደውዪልኝ መንገድ ላይ ነበርኩ» አለ። «ሰባት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። ስደርስ ፊቱ ተሸፍኗል። አንቺም አንድ ቀን እዚህ ብቻሽን ወድቀሽ፣ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ... አልችልም፣ እማዬ። ሁለተኛ አልችልም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ «ነይ»ና «አልመጣም» ሲባባሉ ይህን አንድ ቀን አልነገራቸውም። ተነስተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ እንደ ልጅነቱ ጭንቅላቱን በመዳፋቸው ያዙት።

«ይኼን ትናገራለህ እንጂ እሳት፣ ካርቶን፣ መኪና ምን ያደርግልሃል? ፈራሁ አትልም? እኔስ ፈርቼ አይደል ያን ክፍል ሁለት ዓመት የዘጋሁት? ሁለታችንም ያው ነን። ግን ስማኝ፣ የኔ ጌታ። አንተ ቤት ብቀመጥም አንተ ሥራ ላይ ነህ፤ ሞት አንተ እስክትገባ በር ላይ አይጠብቅም። ዘንድሮ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ መጣህ?»

አሰበ። «ሁለቴ።»

«አንዱ ዛሬ ነው!»

ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ እንዳቀረረ ነው።

«መድረስ የምትፈልግ ከሆነ በቁሜ ድረስልኝ» አሉት። «ልትጭነኝ አትምጣ። ልትጠይቀኝ ና።»

ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ መልስ ሲያጣ ደገመ። ልጃቸው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ተነሳና ወጣ። እትዬ ብልሽት አልተከተሉትም፤ ሁለቱን ብርጭቆ ሻይ እየቀዱ በተከፈተው መስኮት ሰሙት።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አለፋሁህ» አለ ልጃቸው። «ሂድ በቃ። የሚጫን የለም።»